አውቶኮሬክት ሳይጠይቅ ቃል እንዳይቀይርባችሁ

አውቶኮሬክት፣ ማለትም ስትጽፉ ቃል በራሱ የሚያርመው የኪቦርዱ አሠራር፣ የምትጽፉት ነገር ገብቶት አይደለም የሚያርመው። ስሌት ነው። የጻፋችሁትን ቃል መዝገቡ ውስጥ ይፈልጋል። ካጣው አንድ ፊደል ቢቀየር፣ ቢጨመር፣ ቢቀነስ ወይም ሁለት ፊደል ቦታ ቢለዋወጥ ምን ቃል እንደሚወጣ ያያል። ከዚያ ሰው የሚያዘወትረውን ይመርጣል። «መጠ» ስትሉ «መጣ» የሚላችሁ ለዚህ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የኮምፒውተር ተመራማሪው ፍሬድሪክ ዳሜራው በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከፊደል ስህተቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ እንደሆኑ ጽፎ ነበር።

«አየሩ ሞቀ» ለማለት «አየሩ ሞተ» ብትጽፉ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። «ሞተ» ትክክለኛ ቃል ነዋ!

በጂቦርድ፣ በጉግል የስልክ ኪቦርድ፣ እንሂድ። መጀመሪያ አማርኛን ከቋንቋዎቹ ጨምሩ። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ አማርኛ በላቲን ፊደል የምትጽፉ ከሆነ እርማቱ ያሳብዳችኋል፤ ለእሱ የምትጽፉት ሁሉ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው።

ቀጥሎ ሴቲንግ ገብታችሁ «አውቶ ኮሬክሽን» የሚለውን አጥፉ። ከላይ ቃል የሚጠቁመውን መስመር ተዉት። ሁለቱንም የሚያጠፉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጥቆማ ጊዜ ይቆጥባል፣ የሚያናድደው ሳይጠይቅ መቀየሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ የራሳችሁን ቃላት መዝገቡ ውስጥ ወደ ማስገባቱ፦ «ዲክሽነሪ»፣ ከዚያ «ፐርሰናል ዲክሽነሪ»፣ አማርኛን መርጣችሁ የመደመር ምልክቷን ንኩ። እዚህ ጋ ነው አማርኛ የሚያስቸግረው። «ትዕግሥት» የሚለውን ስም ውሰዱ። አንዱ «ትእግስት»፣ ሌላው «ትዕግስት» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን «ዕ» እና «እ» ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ስለዚህ የስሙ ባለቤት ራሷ የምትጽፈውን አንዱን ብቻ አስገቡ። ሦስቱንም ካስገባችሁ ሦስቱም ትክክል ይሆኑና አንዱን በሌላው ቦታ ብትጽፉ የሚነግራችሁ የለም።

ሁለተኛው ጣጣ ቅጥያ ነው። ስሙን ብቻ ማስገባት አይበቃም፤ «የትዕግሥት»፣ «ለትዕግሥት»፣ «ከትዕግሥት» እያላችሁ የምታዘወትሩትን ለየብቻ ጨምሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግሦችን ግን አትሞክሩት፤ «አልሰበሩትም»፣ «ስላልተሰበረ» እያላችሁ ስትጨምሩ ይመሻል።

እዚያው አቋራጭም መስጠት ይቻላል፤ «ከሰ» ስትሉ «ከአክብሮት ሰላምታ ጋር» ይመጣላችኋል። ፓስዎርድ ግን እዚያ አታስቀምጡ።

ኪቦርዱ የእናንተንም ስህተት ይማራል። የተበላሸ ቃል ደጋግሞ ከጠቆማችሁ ቃሉን ጫን ብላችሁ ያዙና ወደ ቆሻሻ መጣያው ምልክት ጎትቱት።