«3 ሰዓት» ስትሉ የቱን 3 ሰዓት ነው?

በመኪና አደጋና በድንገተኛ ሞት ላይ ጥናት የሚሠሩ ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ደም ውስጥ ያለውን አልኮልና መርዝ ስለሚለካው ማሽን ነው። ማሽኑ የሰጣችሁትን ነው የሚያነብላችሁ። ጣጣው ያለው ደሙ እዚያ ከመድረሱ በፊት ነው፤ መርፌው ላይ፣ ቱቦው ላይ፣ ከሁሉም በላይ ወረቀቱ ላይ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሰዓት ነገር ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ትራፊክ ፖሊሱ በሐበሻ ሰዓት ይጽፋል፣ ነርሷ በፈረንጅ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ተመራማሪው ሁለቱን ወረቀት አንድ ኤክሴል ላይ ሲያገናኛቸው ነው ጉድ የሚፈላው። አንድ ተማሪ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ስለተገለበጠ አይሱዙ ይዞልኝ መጣ። የፖሊሱ ወረቀት አደጋው «3፡00» ላይ ነው ይላል፣ ምሽት መሆኑ ነው። የሆስፒታሉ ካርድ ደግሞ ደሙ «11፡00» ላይ ተቀዳ ይላል። ልጁ ከ3 እስከ 11 ቆጠረና 8 ሰዓት አለ። የተለካው አልኮል በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ነበር። አልኮል በየሰዓቱ 0.15 ያህል ይቀንሳል ብሎ ወደኋላ አሰላና ሹፌሩ በአደጋው ሰዓት 1.7 ነበረው ብሎ ጻፈ። ድብን ያለ ሰካራም! የነርሷ 11 ግን የፈረንጅ ነው፣ በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ያለፈው 2 ሰዓት ብቻ፣ ውጤቱም 0.8 ነው። በአንድ ያልተጻፈ ቃል 0.9 ግራም አልኮል የሰው ደም ውስጥ ጨመርንበት።

0.8ቷም ብትሆን ብቻዋን አትቁም። አልኮል የሚወጣበት ፍጥነት እንደ ሰዉ ከ0.10 እስከ 0.25 ይለያያል፣ ስለዚህ «ከ0.7 እስከ 1.0» ብላችሁ ጻፉ። ሹፌሩ የመጨረሻዋን ጨልጦ ወዲያው ተነስቶ ከሆነማ አልኮሉ ገና ደሙ ውስጥ ገብቶ አላለቀም፤ ወደኋላ ማስላቱም አይሠራም። ሌላም አለ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ፈረንጁ ቀኑን ይቀይራል፣ እኛ እስኪነጋ አንቀይርም። ስለዚህ አንድ ሌሊት ሁለት ቀን ሆኖ ይመዘገባል። ፎርማችሁ ላይ «በሐበሻ / በፈረንጅ» የሚል ምልክት ማድረጊያ ጨምሩ። በቃ።

ክንዱን በአልኮል ጠርጎ ለአልኮል ምርመራ ደም መቅዳት፦ እባካችሁ።

ሆስፒታል የሚለካው ብዙ ጊዜ ሴረም ነው፣ ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ። ሴረም ከሙሉ ደም ይልቅ ውሃ ስለሚበዛው አልኮሉ ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ይነበባል። የቱን እንደለካችሁ ሳትጽፉ ሁለቱን አትደባልቁ።

ሙቀትም አለ። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለለመድን ሸዋሮቢት ቆላ መሆኑን እንረሳለን። ደሙ እንዳይበላሽ የሚያደርግ መከላከያ በሌለው ቱቦ የተቀዳ የአስከሬን ደም ያለ በረዶ ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ዳገቱን ሲወጣ፣ ውስጡ ያሉት ተህዋስያን ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይሩታል። ደሙ ሳይጠጣ ይሰክራል። ባለ ግራጫ ክዳኑን ቱቦ ያዙ (ውስጡ ሶዲየም ፍሎራይድ አለው)፣ ሙሉት፣ ቀስ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ገልብጡት፣ በረዶ ላይ አድርጉት። አስከሬን ከሆነ የዓይን ፈሳሽም ውሰዱ፤ እሱ ቶሎ አይበከልም። ደሙን ደግሞ ከጭን ሥር እንጂ ከልብ አትቅዱ፤ ከሞት በኋላ ብዙ መድኃኒት ከጉበትና ከሳንባ እየወጣ ልብ አካባቢ ይከማቻል።

ግን ግራጫ ክዳን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ይህን የምለው ራሴ ስለተቃጠልኩበት ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሰው በሩ ተዘግቶ፣ የከሰል ምድጃ አጠገቡ እንዳለ ሞቶ ተገኘ። ብርድ ነበር። ቆዳው ላይ የረጋው ደም ደማቅ ሮዝ ነበር። «የከሰል ጭስ ነው» አልኩ፣ በልበ ሙሉነት። ሁለት ግራጫ ቱቦ ሞላሁና ጨረስኩ። ውጤቱ ሲመጣ ደሙ ውስጥ የከሰሉ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የለም ማለት ይቻላል። ለካ ብርድ ብቻውንም አስከሬን ሮዝ ያደርጋል! ከዚያ የፀረ ተባይ መርዝ ተጠረጠረ። ለዚያ የሚለካው ኮሊንኤስተሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ ግራጫው ቱቦ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ደግሞ ራሱ ያንን ኢንዛይም ያግደዋል። የጨጓራውንም ይዘት አልወሰድኩም። አስከሬኑ ተቀብሯል። የሞቱ ምክንያት እስከ ዛሬ «አልታወቀም» ነው። ወንድሙ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆኛል። ስለዚህ አንድ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለበት ቱቦና በደንብ የሚዘጋ የጨጓራ ዕቃ ሁሌም ቦርሳዬ ውስጥ አሉ።

አስከሬኑ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ከተወጋ በኋላ ናሙና ወስዳችሁ ሜታኖል ስታገኙ የሰፈሩን አረቄ አትክሰሱ። ፎርማሊኑ ውስጥ ራሱ ሜታኖል አለ።

ጫት ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተት አያለሁ። አንዱ የአምፌታሚን (አነቃቂ ዕፅ) መመርመሪያ ስትሪፕ ሽንት ውስጥ ነክሮ መስመሩ «የለም» ሲለው ሹፌሩ አልቃመም ይላል። ስትሪፑ ካቲኖንን፣ የጫቱን አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ብዙ ጊዜ አያይም፣ ካቲኖኑም ናሙናው ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። ሌላው ደግሞ በትልቅ ማሽን አረጋግጦ ሽንት ውስጥ ስላገኘው ብቻ «መርቅኖ ሲነዳ ነው የተጋጨው» ይላል። ሽንት ትናንት የቃመውንም ያሳያል። እንቅልፍ ያጣ ሹፌር ምርቃናው ሲለቀው ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ፤ ያኔ ደሙ ውስጥ የምታገኙት ጥቂት ነው። ከጫት በኋላ ጨብሲ ገብቶም ከሆነ ሁለቱንም ለኩ እንጂ አንዱን ስታገኙ አታቁሙ።

የመጨረሻው ቀላል ነው፣ ግን ያስቀኛል። መጠይቅ ላይ «በቀን ስንት ስታንዳርድ ድሪንክ ይጠጣሉ?» የሚል ጥያቄ ከውጭ ገልብጠው ያመጣሉ፤ የተወሰነ የአልኮል መጠን ያለው አንድ መጠጥ ማለት ነው። የመንዝ ገበሬ ምን ብሎ ይመልስ? ጠላው በጣሳ፣ ጠጁ በብርሌ፣ አረቄው በመለኪያ ነው፤ ተራና ዳግም አረቄም አቅማቸው አንድ አይደለም። ሰሞኑን አንዱን ልጅ ደብረ ብርሃን ሦስት አረቄ ቤት ሄዶ ሦስት መለኪያ ተውሶ እንዲመጣ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በሲሊንደር ውሃ እንዲለካ ላክሁት። ሦስቱም አልተመሳሰሉም። አሁን መጠይቁን እያስተካከለ ነው። መለኪያዎቹን ግን እስካሁን አልመለሰም።