የብስክሌት መሪ ጎማ እንዴት ይቀየራል?

የብስክሌት መሪ ጎማ፣ ማለትም የመሪው ጫፍ ላይ በእጃችን የምንጨብጠው የላስቲክ እጀታ፣ ማርጀቱን ቀድሞ የሚያውቀው እጅ ነው። መዳፍ ያጠቁራል፣ ፀሐይ ሲበዛበት ይጣበቃል፣ ሲብስበት ደግሞ ዳገት ላይ መሪውን ሳብ ስታደርጉ አብሮ ይዞራል። ማጥቆሩንና መጣበቁን ለጥቂት ጊዜ መቻል ይቻል ይሆናል። የሚዞር ጎማ ግን ለነገ አይባልም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ልትይዙ ስትሉ እጃችሁ ከተንሸራተተ መውደቅ ነው።

ሥራው ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነው። ዋናው ነገር ጎማውን የምታስገቡበትን ፈሳሽ በትክክል መምረጥ ነው። የምንፈልገው ለአፍታ አንሸራቶ ከዚያ ድራሹ የሚጠፋ ፈሳሽ ነው።

ልኩን እወቁ

ማውንቴን በምንላቸውና ቀጥ ያለ መሪ ባላቸው አብዛኞቹ የከተማ ብስክሌቶች ላይ ጎማው የሚገባበት ቧንቧ ውፍረቱ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ጎማም በዚሁ ልክ የተሠራ ነው። የአንዳንድ ትንንሽ ልጆች ብስክሌት ቧንቧ ግን ቀጠን ይላል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በርዝመቱ ነው። የተለመደው ጎማ 13 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ማርሹ የሚቀየረው እጀታውን በማዞር ከሆነ በዚያ በኩል አጠር ያለ ጎማ ያስፈልጋል። ስለዚህ አሮጌውን በማስመሪያ ለክታችሁ ሂዱ። ወደ ታች የተቆለመመው የኮርሳ መሪ የሚጠቀለለው በቴፕ ስለሆነ እዚህ አይነሳም።

አሮጌውን ማውለቅ

መልሳችሁ የማትጠቀሙበት ከሆነ አትድከሙ። በካተር በቁመቱ ሰንጥቁትና ላጡት። ስለቱ ከእናንተ ወደ ውጭ ይሂድ፤ ሌላው እጃችሁም ከፊቱ አይሁን። መሪው ካርቦን ከሆነ ግን ስለት አታስጠጉበት። ጭረት ጥንካሬውን ሊጎዳው ይችላል።

ጎማው ገና ደህና ከሆነ ቀጭን ካቻቢቴ በጎማውና በቧንቧው መሀል በቀስታ ሰክታችሁ ትንሽ ክፍተት ፍጠሩ። በዚያች ክፍተት አልኮል አንጠባጥቡ። መርፌው የተነቀለ ስሪንጅ ለዚህ ግሩም ነው። ከዚያ ካቻቢቴውን አውጡና ጎማውን ወዲያና ወዲህ ጠምዝዙት። መጀመሪያ እንቢ ይላል። አልኮሉ ውስጥ ለውስጥ ሲዳረስ ግን ድንገት ልቅቅ ብሎ መዞር ይጀምራል። ያኔ እያዞራችሁ ሳቡት። በቅርብ ጎሚስታ ካለም የኮምፕሬሰሩን አየር በዚያው ክፍተት ማስነፋት ይቻላል፤ ጎማው ተነፍቶ ይላቀቃል።

ቧንቧውን ማጽዳት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አዲሱ ጎማ እንዲይዝ ከሥሩ አሮጌ ሙጫ፣ ዘይትም ሆነ የጎማ ፍርፋሪ መቅረት የለበትም። አልኮል በነካ ጨርቅ ጨርቁ ሳይጠቁር እስኪወጣ ድረስ ጥረጉት። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። የቧንቧውን ጫፍም በጣታችሁ በጥንቃቄ ዳስሱ። የሚቧጭር ከሆነ በሞረድ አለስልሱት፤ አለበለዚያ አዲሱን ጎማ ከውስጥ ይቆርጠዋል። የፍሬኑን መያዣ ወይም የደወሉን ቦታ ማስተካከል ከፈለጋችሁ ጊዜው አሁን ነው። ጎማው ከገባ በኋላ ቦታ አታገኙም።

አዲሱን ማስገባት

የኔ ምርጫ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ነው። ያንሸራትታል፣ ተንኖም ይጠፋል። የፀጉር ስፕሬይም ጥሩ ነው፤ እርጥብ ሳለ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይይዛል። ሁለቱም ከሌሉ በውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ሳሙና ይሠራል። ጉዳቱ ቶሎ አለመድረቁ ነው፤ በብረት መሪ ላይ ደግሞ እርጥበቱ ዝገት ሊጋብዝ ይችላል።

ዘይት፣ ግራሶና ቫዝሊን በፍጹም አትጠቀሙ። ጎማው ሳትለፉ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ግን መቼም አይይዝም። ብዙ ዓይነት ጎማንም ዘይት ያበላሸዋል። ጄል የሆነው የእጅ ሳኒታይዘርም ይቅርባችሁ። ውስጡ ያለው ማለስለሻ አልኮሉ ከተነነ በኋላ እዚያው ይቀራል።

ጎማው ደረቅ ያለ ከሆነ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ውሃውን አራግፉ። ቀጥሎ አልኮል ወደ ውስጡ ጨምሩ፣ ሁሉም ጋ እንዲዳረስ አንከባሉት፣ ትርፉን ድፉት። ቧንቧውንም አርጥቡ። ከዚህ በኋላ ማመንታት የለም፤ አልኮል አይጠብቅም። ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰክታችሁ በመዳፍ እየገፋችሁና እየጠመዘዛችሁ ባንድ ትንፋሽ እስከ ፍሬኑ መያዣ ድረስ አስገቡት። መሀል ላይ ከቆመባችሁ አትታገሉት። በካቻቢቴ ትንሽ ከፍታችሁ አልኮል ጨምሩለት።

የመዳፍ ማሳረፊያ ያለው ዓይነት ከሆነ ግራና ቀኙን ለዩ። ሳይደርቅ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጡና አንጓችሁ ሳይታጠፍ መዳፋችሁ እንዲያርፍበት አድርጋችሁ አስተካክሉት።

ከዚያ ተዉት። በአልኮል የገባ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ሠርቶ ማሳደር የተሻለ ነው። በሳሙና የገባ ከሆነ ግን አንድ ሌሊትም ላይበቃው ይችላል።

የጫፉ ነገር

የመሪው ጫፍ ክፍት ከሆነ ክዳን ይግባለት። ይህ ለጌጥ አይደለም። ልጅ ሲወድቅ መሪው ይዞርና ጫፉ ወደ ሆዱ ይመጣል። የተከፈተ የብረት ቧንቧ ሥጋ ይቆርጣል፤ የምቱ ኃይልም ጉበትና ጣፊያን እስከመጉዳት ይደርሳል። የልጆች ብስክሌት ላይ ጎማው ጫፉ ላይ ተበስቶ ብረቱ ብቅ ካለ፣ ሌላው ክፍል አዲስ ቢመስልም ቀይሩት።

ከመንዳታችሁ በፊት ከብስክሌቱ ፊት ቆማችሁ የፊት ጎማውን በጉልበታችሁ መሀል ያዙ። ሁለቱን እጀታዎች አጥብቃችሁ ጠምዝዙ፣ ወደ ውጭም ሳቡ። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሱ ገና አልደረቁም ወይም ልካቸው አይደሉም። ልኩ ያልሆነ ጎማ በሙጫ ቢጣበቅም መፍትሔ አይሆንም።

በብሎን የሚጠብቁት

ይህ ሁሉ ጣጣ የማይወድ ሰው ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ያለውን ዓይነት ይግዛ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ያለ ምንም ፈሳሽ በደረቁ ይገባል። በትንሽ አለን ኪ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ)፣ ብዙውን ጊዜ በ2.5 ወይም በ3 ሚሊ ሜትሩ፣ ይጠብቃል። ብሎኑ ቀጭን ስለሆነ ጎማው መዞሩን እስኪያቆም ብቻ አጥብቁት፤ ከዚያ በላይ ከገፋችሁ ጥርሱ ይበላል። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላም እንዳልላላ አንዴ አይታችሁ አጥብቁት።