ልጆችን ቅርጫት ኳስ ስናስወረውር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሕፃናትን ከቅርጫት ኳስ ጋር ለማስተዋወቅ ሙሉውን ግጥሚያ ትቶ ውርወራውን ብቻ ጨዋታ ማድረግ ይበቃል፤ የተሰቀለ ቅርጫት ያየ ልጅ አንድ ነገር ሳይወረውርበት አያልፍምና። ሆኖም ደብረ ማርቆስ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር እንዳየሁት፣ ይህን የመሰለ ጨዋታ ልጆች እንዲሰለቹት የምናደርገው እኛው አዋቂዎች ነን። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያውና የብዙዎቹ ምንጭ የሆነው ስህተት ልጅን በአዋቂ ልክ ማጫወት ነው። የቅርጫት ኳስ ፈጣሪ ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 እ.ኤ.አ. ስፕሪንግፊልድ በተባለች የአሜሪካ ከተማ የኮክ ቅርጫቶችን የሰቀለበት 3.05 ሜትር ከፍታ እስከ ዛሬ የአዋቂዎች ልክ ነው፤ ወንዶች የሚጫወቱበት 7 ቁጥር ኳስም 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን ኳስ የያዘ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምን እንደሚያደርግ ልብ ብሎ ማየት ይገባል፦ ኳሱን በጉልበቶቹ መካከል ዝቅ ያደርጋል፣ ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ በሁለት እጁ ከታች ወደ ላይ ይወነጭፈዋል፣ ኳሱም ቀለበቱ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ አቅሙ የሚፈቅድለት ይኸው ብቻ ነው። ከለመደው በኋላ ግን ያን አወነጫጨፍ ማስተው እጅግ ያስቸግራል። ለሕፃናት የተዘጋጀው ሚኒ ቅርጫት ኳስ ቀለበቱን ወደ 2.60 ሜትር ዝቅ አድርጎ በ5 ቁጥር ኳስ የሚያጫውተውም ስለዚህ ነው፤ እኔ ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጆች ከዚህም ዝቅ አድርጌ 2 ሜትር ገደማ ላይ እሰቅላለሁ።

መሣሪያው ከየት ይመጣል ለሚል ሰው፣ በጎጃም ባሕር ዛፍ አይጠፋም። ቀጥ ያለ ወፍራም አጣና ግማሽ ሜትር ያህል ቀብሮ አፈሩን በደንብ መጠቅጠቅና 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወፍራም ሽቦ ቀለበት ጫፉ ላይ ማሰር በቂ ነው፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ውጭ ቀርቶ እጅ እንዳይቧጥጥ ብቻ በጨርቅ መጠቅለል አለበት። ታቹ የወለቀ አሮጌ ቅርጫትም ይሠራል። የናይስሚዝ ቅርጫቶች ታቻቸው ድፍን ስለ ነበር ኳሱ በገባ ቁጥር አንድ ሰው ወጥቶ ማውረድ ነበረበት፤ እኛ ቢያንስ ያን ስህተት አንደግመውም።

ሁለተኛው ስህተት ልጆችን ከሩቅ ማስጀመር ነው። እኔ ይህን የምከላከለው ሁሉም ከሚያውቁት ከሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ በተዋስሁት መንገድ ነው። በቀለበቱ ዙሪያ ሰባት ቦታዎችን በአመድ አሠምራለሁ፤ ሰኞ አንድ እርምጃ ያህል ብቻ ይርቃል፣ እሑድ ከሁሉም ይርቃል። ያስገባ ወደሚቀጥለው ቀን ያልፋል፣ የሳተ ደግሞ እዚያው ባለበት ቀን ተራውን ይጠብቃል እንጂ ወደ ሰኞ አይመለስም። ሐሙስ ላይ የደረሰን ልጅ ወደ ሰኞ መመለስ ጨዋታውን ለማስጠላት ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ፈጣኑ ነው።

ከሩቅ የሚወረውር ልጅ ኳሱን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ቀጥ አድርጎ ይልከዋል፤ ይህ ደግሞ በስሌት እንኳ አያዋጣም። የ7 ቁጥር ኳስ ስፋት 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ኳሱ በ30 ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ ሲመጣ 45 ሴንቲ ሜትሩ ቀለበት ከኳሱ አቅጣጫ ሲታይ 22.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ብረቱን ሳይነካ ሊገባ አይችልም፤ በ45 ዲግሪ ሲመጣ ግን ቀዳዳው ወደ 32 ይሰፋል። ይህን ለልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ካለ አገልግል ቆሎ እንደምትዘግን እጅህን አስገባ» ማለት ይበቃል፤ እጁም ከወረወረ በኋላ ከላይ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ስለ ክርን፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ጣትና ስለ ዓይን የሚያርም መምህር ልጁን ያደነዝዘዋል።

ወረፋ ሦስተኛው ነው። ሠላሳ ልጆች በአንድ ኳስ ቢሰለፉ፣ አንዱ ውርወራ ኳሱን አምጥቶ እስከ ማቀበል ስምንት ሰከንድ ቢፈጅ፣ ተራ የሚደርሰው በየአራት ደቂቃው ነው፤ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አሥር ውርወራ ማለት ነው። የካልሲ ኳስ መሬት ላይ ባይነጥርም ለውርወራ ያገለግላልና በርከት አድርጎ መስፋት፣ ቅርጫቱንም ሦስት አራት ቦታ መስቀል ያሻል።

ብዙ የተጸጸትሁበት ግን ማስወጣት ነው። ሁለት ኳስ ይዘው ተሰልፈው፣ ኋላ ያለው ከፊተኛው ቀድሞ ካስገባ ፊተኛው የሚወጣበትን ጨዋታ አንድ ቀን አጫወትኋቸው። መጀመሪያ የወጣው ከሁሉም ይበልጥ ልምምድ የሚያስፈልገው ልጅ ነበር፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅርፊት ሲልጥ አሳለፈው። በማግስቱ «እግሬን አሞኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የተሸነፈ ልጅ አጣናውን ዞሮ፣ ነክቶ፣ ሰልፉ መጨረሻ ይገባል እንጂ አይወጣም።

የገባውን ብቻ መቁጠርም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ቀለበቱን የነካ አንድ፣ የገባ ሦስት ነጥብ ቢያገኝ ደካማውም ልጅ የሚቆጥረው አያጣም። አንዱ የወረወረበትን አኳኋን ሌላው ለመድገም ሞክሮ ሲስት አንድ ቃል እስኪሞላ ፊደል የሚጨመርበት ጨዋታ ላይ ደግሞ የቃሉ ምርጫ ይወስናል። ጨዋታው በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ፈረስ የሚለው ቃል አምስት ፊደል ነው፤ በእኛ ግን ሦስት ብቻ ስለሆነ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ያልቃል። «ባሕር ዳር» አምስት ይሆናል፤ «ደብረ ማርቆስ» ሰባት ነውና ለትልልቆቹ ይስማማል።

በመጨረሻ፣ ዝናብ የጠገበ አፈር የአጣናውን ሥር ስለሚያላላው በክረምት ከጨዋታ በፊት በሁለት እጅ መነቅነቅ፣ ከተንቀሳቀሰም ዙሪያውን በድንጋይ አጥብቆ እንደገና መጠቅጠቅ ያስፈልጋል፤ ቀለበቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ የሚንጠላጠልበት ልጅ አይጠፋም።