ግቢ ውስጥ እየኖራችሁ ቤት ስትሠሩ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አሸዋ የጫነ ሲኖ አንድ ግቢ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ደብረ ብርሃን ነው ነገሩ። በሩ ይበቃዋል። ግን ልክ በሩን እንዳለፉ የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር የሚኖሩበት። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ መንገዱ ላይ ገልብጦት ሄደ። ማታ ዘነበ። ጠዋት ስንመጣ የአሸዋው ግማሽ ቦይ ውስጥ ነበር።

እኔ በቀን ሠራተኛነት ጀምሬ፣ ግንበኛ ሆኜ፣ አሁን ፎርማን ነኝ። ይህንን ነገር ስንት ግቢ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ ልጻፈው።

የመጀመሪያው ስህተት ዋናው ቤት እስኪያልቅ የምትኖሩባትን ማረፊያ ቤት በር ላይ መትከል ነው። ለምን እንደሚያደርጉት ይገባኛል። ውሃውም መብራቱም የሚገባው በዚያ በኩል ነው፣ የኋላው ገና ሣርና ድንጋይ ነው፣ ለዓይንም ለጥበቃም ይመቻል። ግን አስቡት። ቦታችሁ 10 በ20 ነው፣ 200 ካሬ። ሲኖ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ ከነስፖኪዮው ወደ ሦስት ይጠጋል። 4 በ5 የሆነች ቆርቆሮ ቤት ከፊት ስታስቀምጡ ለድንጋይ፣ ለአሸዋ፣ ለጠጠር፣ ለብሎኬት፣ ለውሃ ቦቴ መግቢያውን ዘጋችሁት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዕቃ ውጭ ይራገፋል፣ በባሬላና በጋሪ ይገባል፣ ለዚያም የቀን ሠራተኛ ይከፈላል፣ ውጭ ያደረውን ደግሞ ወይ ዝናብ ይወስደዋል ወይ ሰው። ይህ ሁሉ ሲደመር ሌላ ሰርቪስ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቤተሰብ ጋ ደግሞ የዋናው ቤት መሠረት በቆርቆሮ ቤቷ ሥር ማለፍ ነበረበት፤ ፕላኑ የወጣው ከገቡ በኋላ ነው። ቤቷን ያፈረስነው ውስጥ አራስ እያለች ነው። ልጁን በጋቢ ጠቅልላ ጎረቤት ስትገባ አየኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕላን ሳላይ ለማረፊያ ቤት አንድ አጣና አልተክልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕላኑ ይውጣ። ዋናው ቤት የት እንደሚያርፍ፣ ሴፕቲክ ታንኩ የት እንደሚቆፈር፣ መኪና በየት እንደሚገባ በኖራ መሬት ላይ አስምሩ። ማረፊያው ወደ ኋላ ጥግ ይሂድ። አቅም ካለ እዚያው ሰርቪሱን በብሎኬት ሠርታችሁ ግቡ፤ ነገ ማድ ቤት ወይ የሚከራይ ክፍል ይሆናል፣ ገንዘባችሁ አይፈርስም።

ከፍታውንም አትርሱ። ዋናው ቤት መሠረቱ ወጥቶ፣ ገረጋንቲ ተሞልቶ፣ ድንጋይ ተነጥፎ ሲያልቅ ከግቢው 50፣ 60 ሳንቲም ከፍ ይላል። ሰርቪሱን ሜዳው ላይ ከሠራችሁት ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ሐምሌ ላይ ውሃው በበሩ ሲገባባችሁ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው «ለሦስት ወር ነው» የሚለው ሂሳብ ነው። እባካችሁ ይህንን ቃል ተዉት። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች በሦስት ወር ከቆርቆሮ ቤት የወጣ የለም። አርማታ ራሱ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት 28 ቀን ይፈልጋል። ፎቅ ከሆነ ድጋፉ እንጨት ሳምንታት ይቆማል። ከዚያ ሲሚንቶ ይወደዳል፣ እቁቡ ይዘገያል፣ ክረምት ይገባል፣ አናጺው ሌላ ሥራ ይይዛል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት አስባችሁ ግቡ። ሁለት ዓመት ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ የምትሠሩት ነገር ይለያል። ወለሉን ሊሾ ታደርጉታላችሁ፣ መስኮት ታወጡለታላችሁ፣ ኮርኒስ ትመቱለታላችሁ።

ኮርኒሱን በተለይ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ቀልድ አይደለም። ባዶ ቆርቆሮ ሥር አምስት ሰው ሲያድር ትንፋሹ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ይሆናል። ሊነጋ ሲል ይንጠባጠባል። አንዲት እናት ብርድ ልብሱ ላይ ጠብ ጠብ ያለውን ቦታ ስታሳየኝ ጣሪያው የሚያፈስ መስሏት ነበር። ጣሪያው ደህና ነው። ችፑድ ከሌላችሁ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍታችሁ ወጥሩበት። ግድግዳውንም ከቻላችሁ በጭቃና በጭድ አስመርጉት፤ ከቆርቆሮ ግድግዳ በብዙ ይሞቃል።

ሲሚንቶና ልጅ አንድ ክፍል አይደሩ። አቧራው ለልጁ ዓይንና ሳንባ መጥፎ ነው፣ የወጡ እንፋሎት ደግሞ ሲሚንቶውን ድንጋይ ያደርገዋል። ለብቻው፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩት።

ከሰል። እዚህ ላይ ራሴም ጥፋተኛ ነኝ። ወጣት ሳለሁ ሲሚንቶ እየጠበቅን ሁለታችን በቆርቆሮ መጋዘን እናድር ነበር። ታኅሣሥ ነው። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም፣ ስለዚህ አስገባነው፣ በሩን ዘጋን፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠቀጠቅን። ሌሊት ጓደኛዬ ሽንቱ መጥቶበት ሲነሳ ጉልበቱ ከዳው፤ እየዳኸ ሄዶ በሩን በትከሻው ገፋው። እኔን ጎትቶ አወጣኝ። ጠዋት ራሴን መሸከም አቅቶኝ ውዬ ነበር። የከሰል መርዙ ሽታ የለውም፤ ፍም ሆነ ማለት ደህና ሆነ ማለት አይደለም። ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ ጋቢ ደርቡ፣ ከሰል ግን ከምትተኙበት ክፍል ይውጣ። በዚህ አልከራከርም።

መብራት ከጎረቤት ስትስቡም እንደዚሁ። 1.5 ሽቦ ለአምፖል ነው። እንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሽቦው ቆርቆሮውን ይነካል፣ ግድግዳው ሁሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ለምጣዱ ለብቻው ወፍራም መስመር በባለሙያ አስዘርጉ፣ ማቋረጫም ይኑረው።

ሽንት ቤት ሳይቆፈር አትግቡ። የተቆፈረ ጉድጓድ አፉ ሳይከደን ደግሞ ልጅ ይዛችሁ አትግቡ፤ ክረምት ላይ ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ይሞላል፣ ሕፃን ደግሞ ኩሬ ይመስለዋል።

ቤቱ እስኪያልቅ እናት ቤት ወይም አማት ቤት ለምትገቡ ደግሞ፣ ከመግባታችሁ በፊት ስለ መብራቱ፣ ስለ አስቤዛውና ስለሚቆየው ጊዜ ተነጋገሩ። ተዋደን ገብተን ተኳርፈን ወጣን ያሉኝ ብዙ ናቸው።

ግቢ ውስጥ መኖር ክፉ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የምኖርበት ሌላ ቦታ ነው ብሎ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ባለቤት አርማታውን ማን ውሃ እንዳጠጣው አያውቅም። አንዲት እትዬ ነበሩ፣ ዓምዶቹን በጆንያ ጠቅልለው ጠዋትና ማታ በጆግ ሰባት ቀን ሙሉ ያጠጡ። ሠራተኞቼ «እትዬ ልጆቻቸውን አጠጡ» ይሉ ነበር። ያ ቤት እስካሁን አንድ ስንጥቅ አላየሁበትም።

የመጨረሻው፣ ሳያልቅ ወደ ዋናው ቤት መግባት ነው። «ገብተን እንጨርሰዋለን» ይላሉ። ቢያንስ ሦስት ነገር ይቅደም፦ ልስኑ ይድረቅ፣ የመብራት መስመሩ ተጠናቆ ይሸፈን፣ የደረጃውና የበረንዳው መደገፊያ ይቁም። ቀለሙ ይቆያል፣ ሴራሚኩ ይቆያል። እርጥብ ልስን ውስጥ ገብተው ክረምቱን ሙሉ ሲያስሉ የከረሙ ልጆች አውቃለሁ። ደግሞ ሶፋና ቁም ሳጥን የሞላበት ክፍል ውስጥ ለሳኝ አይገባላችሁም፤ ቢገባም ዋጋውን ይጨምራል።

ወደዚያ ግቢ ልመለስ። ቅዳሜ ዕለት ስድስት ሆነን ቆርቆሮ ቤቷን ነቅለን ወደ ኋላው ጥግ ወሰድናት። የድሮ ሚስማር ቀዳዳዎቹን በሬንጅ ደፈንን፣ ወለሉን አንድ ክንድ ያህል በድንጋይና በገረጋንቲ ከፍ አደረግነው። ማታ ልጆቹ እዚያው ተኙ። እናትየዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁንልኝ አለች፣ ጠዋት ልጆቹን የምታለብሰው ብርድ ላይ ስለሆነ። ወደዚያው አዙረን መታነው። ሰኞ ሲኖው ገባ።