መምህርን ለመደገፍ የሚደረግ የክፍል ምልከታ እንዴት ይካሄድ?

ርዕሰ መምህርም ሆነ የጉድኝት ማዕከል (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚደጋገፉበት ስብስብ) ሱፐርቫይዘር መምህርን ለመደገፍ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ ምልከታው ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ የማይውል መሆኑን በግልጽ ማሳወቅ አለበት። ሁለቱ ከተቀላቀሉ መምህሩ የሚያሳየው የዘወትር ትምህርቱን ሳይሆን ለእንግዳ ያሰናዳውን ነውና፣ ድጋፍ የሚሻው ችግር ተሸፍኖ ይቀራል።

ቢቻል ከአንድ ቀን ቀደም ብሎ ከመምህሩ ጋር አሥር ደቂቃ ያህል ተቀምጦ የዕለቱን የትምህርት ዕቅድ ማየትና «በምን ላይ ባተኩር ይጠቅምዎታል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትኩረቱን ራሱ የመረጠ መምህር በኋላ የሚነገረውን ለመስማት አይቸገርም።

ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳውንና መምህሩን ብቻ ማየት ትልቁ ስህተት ይመስለኛል። ተማሪዎች ተጨናንቀው በሚማሩበት ክፍል ትምህርቱ መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው ከደብተራቸው ስለሆነ፣ ፊታቸውና ጽሑፋቸው በሚታይበት በጎን በኩል መቀመጥ ይሻላል። የሚጻፈውም ፍርድ ሳይሆን የታየውና የተሰማው ነው፤ ለምሳሌ፦ «3፡10 ሰዓት፤ መምህሩ ‹ገባችሁ?› ሲል ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ‹አዎ!› አሉ። አጠገቤ ካሉት አምስት ተማሪዎች ሦስቱ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ½ + ⅓ = 2/5 ብለው ጽፈዋል።» ይህች ማስታወሻ፣ በየቅጹ ላይ ተደጋግሞ ከሚሰፍረው «የተማሪ ተሳትፎ ይሻሻል» ከሚለው አስተያየት እጅግ የበለጠ መምህሩን ትረዳዋለች።

ውይይቱ በዚያው ቀን፣ ባልደረቦች በሌሉበት ይካሄድ። መጀመሪያ መምህሩ ስለ ትምህርቱ የራሱን አስተያየት ይናገር፤ ከዚያ ማስታወሻው ይነበብለት፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ይመረጥ። ጉድለቶችን ሁሉ ዘርዝሮ መስጠት መምህሩን ከማስደንገጥ በቀር የሚለውጠው የለም። ከላይ ባለው ምሳሌ የሚመረጠው «ገባችሁ?» የሚለውን በሌላ መተካት ይሆናል፦ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ሁሉም በደብተራቸው እንዲሠሩ አድርጎ፣ በየረድፉ እየተዘዋወሩ መልሳቸውን ማየት። ጥያቄውን መምህሩ እዚያው ተቀምጦ ቢያዘጋጀው መልካም ነው። መምህራን በዓመት ከሚጠበቅባቸው 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ውስጥም ይህ ጊዜ ተቆጥሮ በማህደረ ተግባራቸው (የሙያ ሥራቸው ማስረጃ በሚሰበሰብበት ፋይል) ሊሰፍር ይገባል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ያንኑ አንድ ነገር ለማየት አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለውጥ ካልታየ ምክሩ በቃል ብቻ ስለቀረ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ያንን ክፍለ ጊዜ ያስተምር፣ መምህሩም በጎን ተቀምጦ የተማሪዎቹን ደብተር ይመልከት።