ከጎጃም ምግብ ጋር ወይን እንዴት ይመረጣል?

ለፋሲካ ወይም ለሰርግ ወይን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃት ሕግ አንዲት ናት። ቀይ ወይን ለስጋ፣ ነጭ ወይን ለአሳ። ሕጓ ስህተት የለባትም፤ ግን የወጣችው በርበሬ ለማይበዛበት ማዕድ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ቢቸና ላይ ለሚቀርብ ዶሮ ወጥ ብቻዋን አትበቃም። እኛ ጋ ከስጋው በፊት መታየት ያለበት ወጡ ነው። ቀይ ነው አልጫ? ምን ያህል ያቃጥላል? ቅቤው ምን ያህል ነው? ወይኑ የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው።

መጀመሪያ በምላሳችሁ አረጋግጡ

አንድ ጠርሙስ ደረቅ ቀይ ወይን ግዙ። ጠርሙሱ ላይ «ድራይ» የሚል ታገኛላችሁ፤ ስኳሩ ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል ተቀይሮ ያለቀ ማለት ነው። ምንም ሳትበሉ አንድ ጊዜ ተጎንጩ። ከዚያ ደህና አድርጎ በርበሬ የገባበት ወጥ አንድ ጉርሻ ብሉ። አሁን እንደገና ወይኑን ቅመሱ። ቅድም ለስላሳ የነበረው ወይን አፍ ያቃጥላል፣ ይመራል፣ ድድም ይይዛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አልኮል የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ቀይ ወይን ደግሞ ታኒን አለው፤ ጠንከር ያለ ሻይ ያለ ስኳር ስትጠጡ አፍ የሚያደርቀው ነገር እሱ ነው። በርበሬ ላይ ሲመጣ ሻካራነቱ ይብሳል።

ያንኑ ሙከራ «ሚዲየም ስዊት» (መካከለኛ ጣፋጭ) በሚል ወይን ድገሙት። ጣፋጩ የበርበሬውን ስለት ያበርደዋል። የጎጃም ሰው ዶሮ ወጥን በጠጅ ሲያወራርድ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ማሩ ሥራውን ይሠራል። ወይን ስትመርጡም ይህንን የአያቶቻችንን ብልሃት ተከተሉ፦ ወጡ ባቃጠለ ቁጥር ወይኑ ጣፈጥ ይበል፣ አልኮሉም ዝቅ ይበል።

ጠርሙሱን አንብቡ

ሱቅ ውስጥ ከቀለሙ ቀጥሎ ሦስት ነገር እዩ፦ ደረቅ ነው ወይስ ጣፋጭ፣ የአልኮሉ መጠን ስንት ነው፣ የወይኑ ዝርያስ ምንድን ነው። አብዛኛው የገበታ ወይን ከ12 እስከ 14 በመቶ አልኮል አለው።

አገር ውስጥ ከሚጠመቁት ጉደር ደረቅ ቀይ ነው፤ አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ። ሁለቱም የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ናቸው። ዝዋይ (ባቱ) ያለው የካስትል እርሻ ደግሞ የመጀመሪያ ወይኑን ገበያ ላይ ያዋለው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ሪፍት ቫሊ በሚለው ስም ሜርሎ፣ ሲራህ፣ ካበርኔ ሶቪኞን እና ሻርዶኔ ያወጣል። አካሺያ በሚለው ደግሞ ለስለስና ጣፈጥ ያሉት አሉ። የእርሻው ዙሪያ ጉማሬ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሮለታል። የጣና ዳር አትክልተኛ ይህን ጣጣ በደንብ ያውቀዋል።

ዝርያዎቹን በአጭሩ እንለያቸው። ሜርሎ ከቀዮቹ ለስላሳው ነው፤ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። ሲራህ የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለው። ካበርኔ ሶቪኞን ታኒኑ የበዛ፣ ጠንካራ ነው። ሻርዶኔ ነጭ ነው፤ ሞላ ያለ፣ ከቅቤ ጋር የሚስማማ።

ቀይና ነጭን የሚለየው በዋናነት የፍሬው ቆዳ ነው። የአብዛኛው ጥቁር ወይን ጭማቂ ራሱ ቀለም የለውም። ቀይ ወይን ከነቆዳው ይብላላል፤ ቀለሙም ታኒኑም የሚመጣው ከዚያ ነው። ለነጭ ወይን ግን ፍሬው ቀድሞ ይጨመቅና ጭማቂው ብቻ ይብላላል። ነጭ ወይን ድድ የማይይዘው ለዚህ ነው።

አሁን ከማዕዱ ጋር

ከአሳ እንጀምር፤ ባህር ዳር ስለ ምግብ እያወሩ ጣናን መዝለል አይቻልም። ጎኑና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ጠርዙ የደረቀ ቀረሶ አስቡ። ሎሚ ይጨመቅበታል። ለዚህ ደረቅና ቀዝቃዛ ነጭ ወይን የሚያህል የለም። የወይኑ ጎምዛዛነት እንደ ሎሚው ሁሉ የዘይቱን ክብደት ያነሳዋል። ቀይ ወይን ከአሳ ጋር ብዙ ጊዜ አፍ ላይ የብረት ጣዕም የሚተወው ወይኑ ውስጥ ያለው ብረት ከአሳው ቅባት ጋር ስለሚገናኝ ነው። አሳው ጉላሽ ከሆነና በርበሬ ከገባበት ግን ደረቁን ነጭ ትታችሁ ጣፈጥ ወዳለው ነጭ ወይም ወደ ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው ወይን) እለፉ። ዳጣውን ደግሞ ቀስ አድርጉት፤ ከበዛ የትኛውም ወይን አይችለውም።

ዶሮ ወጥ ከባዱ ነው። ሽንኩርቱ ለሰዓታት ሲቁላላ ጣፋጭ ይሆናል። በርበሬው ያቃጥላል፣ ቅቤው ይከብዳል፣ እንጀራው ደግሞ ይጎመዝዛል። አራቱን በአንድ ጊዜ የሚችል ወይን ሚዲየም ስዊት ቀይ ነው፤ እሱም ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ። አክሱሚትም ይሄዳል። ውድ ካበርኔ ገዝታችሁ ከዶሮ ወጥ ጋር አታቅርቡ። ወጡም ወይኑም ይጎዳሉ፤ ያሳዝነኛል።

እንጀራውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአደት ወይም የቢቸና ጤፍ በደንብ ተቦክቶ ሲጋገር ጥሩ ጎምዛዛነት አለው። ጎምዛዛ ምግብ ደግሞ የወይኑን ጎምዛዛነት ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ሕይወት የሌለው፣ ልፍስፍስ ወይን ከእንጀራ ጋር ውሃ ውሃ ይላል። ሲቀምሱት ምራቅ የሚያመጣውን ምረጡ።

ጥብስ ላይ ነጻነት አለ። የጥብስ ቅጠል ጣል የተደረገበት፣ በርበሬ ያልበዛበት የበግ ጥብስ ከሲራህ ጋር ድንቅ ነው፤ የቅጠሉ ሽታና የወይኑ ቁንዶ በርበሬ ይፈላለጋሉ። ቁርጥ ደግሞ የካበርኔ ቦታ ነው። የስጋው ፕሮቲንና ጮማው ታኒኑን ይይዙትና ወይኑ ይለሰልሳል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፦ አዋዜው በስሱ ይነካ።

እርድና ዝንጅብል የገባበት አልጫ ቅቤ ካለው ሻርዶኔ ይስማማዋል። ሽሮ ጣፈጥ ያለ ሮዜ ይወዳል።

ማቀዝቀዝ፦ ባህር ዳርና ደብረ ማርቆስ አንድ አይደሉም

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የተባለው ለቀዝቃዛ አገር ክፍል ነው፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ባህር ዳር በሚያዝያ ከሰዓት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያ ሙቀት የተቀዳ ቀይ ወይን ከሁሉ በፊት አልኮሉ ይሸታል። ስለዚህ ባህር ዳር ያላችሁ ቀዩን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት። ደብረ ማርቆስ ከባህር ከፍታው ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በተለይ በክረምት ማታ፣ ከቁም ሳጥን አውጥታችሁ ብትቀዱት ምንም አይል።

ነጭ ወይን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። መብራት ከጠፋስ? በባልዲ ውሃና በረዶ አድርጉ፣ ሁለት እፍኝ ጨው በትኑበት፣ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ንከሩት። ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። በረዶም ከሌለ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ ያለበት ጥላ ሥር አቁሙት። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። እንደ ፍሪጅ ባይሆንም ይረዳል።

መክፈትና መቅዳት

ቡሽ ያለውን ሳትቸኩሉ ክፈቱ፤ መክፈቻውን መሃል ላይ ትከሉና ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። ካልተጠነቀቃችሁ ቡሹ ይፈረፈራል። ብርጭቆውን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲሶው ይበቃል። ሽታው የሚሰበሰበው ባዶው ቦታ ላይ ነው። ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አምስት ሰው ያዳርሳል።

ወይን በአምቦ ውሃ ወይም በኮካ የሚቀላቅል ሰው ቤታችሁ ቢመጣ አትቆጡ። በርበሬ የበዛበት ማዕድ ላይ አልኮሉን ዝቅ ማድረጉ እንዲያውም ይጠቅማል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ሳይቀላቅል አንዴ ይቅመሰው። መኪና የሚነዳ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች እንግዳ ካለች ግን የወይኑ ነገር ይቅርና ብርዝ አቅርቡላቸው፤ የጎጃም ማር እያለ ማንም አይከፋውም።

የተረፈውን

ጠርሙሱን ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑና ቀዩንም ነጩንም ፍሪጅ አስገቡ። አየር የወይን ጠላት ነው። ነጩን በሁለት ሦስት ቀን፣ ቀዩን በሦስት አራት ቀን ጨርሱት። ኮምጠጥ ካለ አትድፉት፤ ጥብስ ላይ ሽንኩርቱ ሲንቀለቀል ግማሽ ሲኒ ጨምሩበትና እስኪመጥ ጠብቁ።