የማህደር ስብስብን ተመራማሪ እንዲያገኘው አድርጎ እንዴት መግለጽ ይቻላል?

ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ስብስቡን ሙሉውን ይቃኙ። ሰነዶቹን ያመነጨው ማን እንደሆነና ፋይሎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጡ ይመዝግቡ። በርዕሰ ጉዳይ እየለዩ አይበትኗቸው፤ ደብዳቤው ከመልሱ ከተለያየ ማጣመር ከባድ ነው።

ገለጻው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፦ ስብስቡ፣ ክፍሎቹ፣ ፋይሉ፣ ካስፈለገም ነጠላው ሰነድ። የዓለም አቀፉ የቤተ መዛግብት ምክር ቤት ደረጃ፣ ኢሳድ-ጂ፣ 26 መስኮች (መረጃ የሚሞላባቸው ቦታዎች) አሉት። የግድ የሚባሉት 6 ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ አመንጪ፣ ዘመን፣ መጠን እና የገለጻ እርከን (ስብስብ፣ ክፍል፣ ፋይል ወይስ ሰነድ መሆኑ)። አንዱን ስብስብ እስከ ነጠላ ወረቀት ከመዘርዘር ይልቅ ሁሉንም በእነዚህ 6 መግለጽ ይሻላል፤ ያልተገለጸ ስብስብ ጭራሽ አይፈለግም።

አብዛኛው ገለጻ የሚበላሸው ርዕስ ላይ ነው። ደረጃው በላይኛው እርከን የተጻፈውን ታች አትድገም ይላል፤ ትክክል ነው። ፍለጋ ግን ፋይሉን ከእናት ስብስቡ ነጥሎ ያወጣዋል፤ ተመራማሪው «ደብዳቤዎች» የሚል ርዕስ ደጋግሞ ያያል፣ የትኛውን እንደሚከፍት አያውቅም። ስለዚህ የአመንጪውን ታሪክ ላይኛው እርከን ላይ ብቻ ይጻፉ፤ የፋይሉ ርዕስ ግን ጉዳዩንና የሰነዱን ዓይነት ይያዝ፦ «የውሃ መስመር ዝርጋታ ደብዳቤዎችና ንድፎች»። «ልዩ ልዩ» የሚለውን ይተዉት። ሰነዱ ዛሬ የማይነገር ስያሜ ካለው እሱን በርዕሱ ያቆዩ፤ ሰው አሁን የሚፈልግበትን ቃል ደግሞ በይዘት መግለጫው፣ ማለትም ፋይሉ ምን እንደያዘ በሚያብራራው መስክ ውስጥ ያስገቡ። ሶፍትዌሩ ያልተጻፈ ቃል ፈልጎ አያመጣም።

ዘመኑን ሁለት ጊዜ ይጻፉ። ለሰው «ከ1958 ገደማ እስከ 1964 እ.ኤ.አ.»፤ ለማሽኑ መጀመሪያውንና መጨረሻውን በየራሳቸው መስክ፣ 1958-01-01 እና 1964-12-31 ብለው። ለሰው የተጻፈው ብቻ ከተሞላ ፋይሉ በዘመን ሲፈለግ አይወጣም።

መረጃውን በሰንጠረዥ አዘጋጅተው ወደ አቶም (AtoM)፣ ማለትም ወደ ማህደር መግለጫ ሶፍትዌሩ፣ የሚያስገቡ ከሆነ ሰንጠረዡን በሲ-ኤስ-ቪ (CSV) የፋይል ዓይነት፣ በዩቲኤፍ-8 (UTF-8) የፊደል ኮድ ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። ለዚህ ሊብሬኦፊስ ካልክ (LibreOffice Calc) የተባለው የሰንጠረዥ ፕሮግራም ይመረጣል፤ ሲያስቀምጡ የፊደል ኮዱን ይጠይቅዎታል። የስብስቡ ረድፍ ከፋይሎቹ ረድፍ በላይ ይሁን፤ እናቱ ቀድማ ካልገባች ልጁ የሚያያዝበት አያገኝም። መጀመሪያ 20 ረድፍ ብቻ አስገብተው ያረጋግጡ።

በመጨረሻ ስብስቡን የማያውቅ ሰው አስቀምጠው አንድ ፋይል እንዲፈልግ ያድርጉት። የተየባቸውን ቃላት ይመዝግቡና ባዶ ውጤት ያመጡትን ወደ ይዘት መግለጫው ይጨምሩ።